ለአጫጭር የባትሪ ድንጋዮች የተቀረጹ የናስ ማራዘሚያዎች፦ የአንድ የሐዋሳ ቶርኖ ቤት ሥራ ሲገመገም

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ሥራ በእፍኝ ውስጥ የሚጠፉ ሦስት የናስ ቁራጮች ናቸው። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ከሚገኙት ቶርኖ ቤቶች በአንዱ በትእዛዝ አስቀርጬያቸው ሁለቱ ላለፉት አምስት ወራት ሳምንት ሳይዘሉ አገልግለውኛል። ተግባራቸው አንድ ብቻ ነው፤ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ከቻርጀሩ ማስቀመጫ ሲያጥር የቀረውን ክፍተት ሞልተው ኤሌክትሪኩን ያሻግራሉ። ይህን ቀላል የሚመስል ነገር መጀመሪያ ቤት ውስጥ ባገኘሁት ቁሳቁስ ራሴ ለመሥራት ሞክሬ አንድ ድንጋይ አበላሽቻለሁ፤ ከዚያ የከፋ ሊደርስ ይችል እንደነበርም የተረዳሁት በኋላ ነው። ስለዚህ ለቶርኖ ቤቱ የምሰጠው ምስጋናም ሆነ የማነሣው ቅሬታ ከእነዚያ ሙከራዎች ጋር ተያይዞ ካልቀረበ ለአንባቢ ብዙም አይጠቅምም።

አስቀድሜ ስለ አጠራር አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ «ባትሪ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ራሱ ነው፤ በሆዱ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ» ይባላል። ድንጋዩ ዛሬ ተመልሶ የሚሞላ ሊትየም ቢሆንም ሱቅ ገብቶ «የባትሪ ድንጋይ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሁንም አይጠፋም፤ እኔም ሁለቱን ላለማምታታት ይህንኑ አጠራር እከተላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ታላቅ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትረዝም ባትሪ ባመጣልኝ ጊዜ ነው። መብራት በጠፋ ምሽት ከጓዳ እስከ ግቢው በር ድረስ ቦግ አድርጋ የምታሳይ ግሩም ባትሪ ናት፤ ነገር ግን የምትጎርሰው ድንጋይ 16340 የሚባለው አጭሩ ዓይነት ሲሆን ቻርጀር አብሯት አልመጣም። በፒያሳና በገበያው ዙሪያ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ፈልጌ ያገኘሁት ቻርጀር ሁሉ ለ18650 ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ በአንድ ጫፉ የማይንቀሳቀስ ብረት፣ በሌላው ጫፉ አጭር ሞላ ያለው ነበር። እንዲህ ያለው ችግር የገጠመውም እኔን ብቻ አይደለም። አሞራ ገደል በኩል ዓሣ የሚያሰግሩ ጎረቤቶቼ በግንባር የሚታሰሩ ባትሪዎች አሏቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ 14500፣ አንዳንዶቹ 18350 ድንጋይ የሚፈልጉ ሲሆኑ፣ ጎሕ ሳይቀድ መረብ ለማንሣት ሲወጡ በግማሽ የተሞላ ድንጋይ ይዞ ሐይቅ ላይ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ጠንቅቀው ያውቁታል።

የእነዚህ ድንጋዮች መጠን የሚታወቀው በላያቸው በተጻፈው ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ውፍረቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ያመለክታሉ፤ የመጨረሻዋ ዜሮ ድንጋዩ ድቡልቡል ዘንግ መሆኑን ትገልጻለች። በዚህ መሠረት 18650 ማለት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ ነው። ቁጥሩን ማንበብ ከተቻለ የሚጎድለውን ርዝመት ለማወቅ መቀነስ ብቻ ይበቃል፦ ለ16340 31 ሚሊ ሜትር፣ ለ18350 30፣ ለ10440 21፣ ለ14500 ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር ይቀራል። የእኔም ሙከራ ሁሉ ይህችን ክፍተት በምን ልሙላት ከሚል ጥያቄ የተነሣ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ለምግብ መሸፈኛ የሚሸጠውን ፎይል ጠቅልዬ ማስገባት ነው። ፎይሉ ሲገባ ጠንካራ ቢመስልም ሞላው ሌሊቱን ሲጫነው እየሟሸሸ ስለሚያጥር፣ ጠዋት ስነሣ የቻርጀሩ መብራት አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ እያለ ሲዋልል አገኘዋለሁ። ከዚህም በላይ አሉሚኒየም ገጹ ላይ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን በራሱ ስለሚፈጥር፣ በንብርብር የተጠቀለለ ፎይል ጥሩ መገናኛ አይሆንም። ቀጥዬ ያዋልኩት ብሎንና ዳዶ ነው። ዳዶውን በማዞር ርዝመቱን ማስተካከል መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ለሦስት ሳምንታት ያህልም ሠርቶልኛል። ችግሩ ብሎኑ በማስቀመጫው ውስጥ መንከባለሉ፣ የሾለው ጫፉ የድንጋዩን ቂጥ መቧጨሩ፣ እንዲሁም ርካሽ ብሎን በመሆኑ ብዙም ሳይቆይ ዝገት መጀመሩ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ማግኔት ነበር፤ አደጋው የደረሰውም በዚህ ነው። ድቡልቡል ማግኔቶችን እርስ በርስ ደራርቤ በድንጋዩ ራስ ላይ፣ ማለትም በፖዘቲቩ በኩል አጣበቅኋቸው። ማግኔቶቹ ድንጋዩን ራሳቸው ስለሚይዙት ከፎይሉም ከብሎኑም የተሻለ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሞላውን ስቤ ድንጋዩን ሳስገባ ግን ከታች ያለው ማግኔት ወደ ጎን ሸርተት ብሎ የድንጋዩን ትከሻ ነካ። «ጭስ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያውም የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ መጣ። በጣቴ ላወጣው ስሞክር ማግኔቱ ስለፈጀኝ በፒንሳ ፈልቅቄ ሲሚንቶው ወለል ላይ ጣልኩት። በኋላ ስመለከተው የድንጋዩ ሽፋን ትከሻው ላይ ምስር በምታህል ቀዳዳ ቀልጦ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ጠቁሮ ነበር። ያን ድንጋይ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አላደረግሁትም።

የዚህ ምክንያት የሊትየም ድንጋይ አሠራር ነው፤ አዳፕተር ለመሥራት የሚነሣ ሰው ከሁሉም አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውም ይህ ይመስለኛል። የድንጋዩ የብረት ቆርቆሮ ከቂጡ ጀምሮ ጎኑን ሁሉ ይዞ እስከ ትከሻው ድረስ በሙሉ ነጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩ በራሱ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ብቻ ስትሆን፣ ከቆርቆሮው ከንፈር የሚለያት ጠባብ የፕላስቲክ ቀለበት ነው። በከንፈሩ ላይ ያለው መከላከያ ደግሞ ከወረቀት የማይወፍር ሽፋን ነው። ስለዚህ በፖዘቲቩ በኩል የሚቀመጥ ሰፊ ብረት ጥቂት ቢዛነፍና ሽፋኑን ቢቀድ ሁለቱን ወገኖች በቀጥታ ያገናኛል፤ ይህም ሾርት ነው። ማራዘሚያው በነጌቲቩ በኩል ቢቀመጥ ግን ቢዛነፍም፣ ቢያዘምምም፣ ጎኑን ቢነካም የሚነካው ያንኑ ነጌቲቭ በመሆኑ በድንጋዩ ላይ ጉዳት አይደርስም። እኔ በዚያ ምሽት ማግኔቶቹን በስተቂጥ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ዛሬም በሠራ ነበር። ማግኔትን ግን በየትኛውም በኩል አልመክርም፤ እርስ በርሱም ሆነ በአቅራቢያው ካለ ብረት ጋር እየተሳሳበ ካስቀመጡት ቦታ የሚነሣ ነገር ከተሞላ ድንጋይ አጠገብ ባይኖር ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቶርኖ ቤቱ የሄድኩት። ቤቱ ለባጃጅና ለውኃ ፓምፕ ዕቃዎች የሚቀረጹበት፣ ወለሉ በብረት ፍቅፋቂ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የሚያስፈልጉኝን ርዝመቶች በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበርና አቀበልኳቸው።

«ቻርጀሩንስ ይዘሃል?» አሉኝ ወረቀቱን ሳያነቡ።

«ይዣለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ወረቀቱን ተወውና ዕቃውን አሳየኝ፣ ልጄ።»

ካሊፐራቸውን አውጥተው የማስቀመጫውን ርዝመት ሞላው ሳይነካ አንድ ጊዜ፣ ሞላው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ሌላ ጊዜ ለኩ። የመጀመሪያው 62.5፣ ሁለተኛው 69 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያም ድንጋዮቼን አንድ በአንድ ለክተው ጥቂት አሰቡና ለ16340 እና ለ18350 ሁለት የተለያዩ ቁራጮች ማሠራት እንደማያስፈልገኝ ነገሩኝ፤ ባለ 30 ሚሊ ሜትሩ ለሁለቱም ይበቃል፣ የምትጎድለዋን አንድ ሚሊ ሜትር ሞላው ራሱ ይገፋታል። በወረቀቴ ላይ አራት ቁራጭ ጽፌ ነበር፤ በእሳቸው ምክር ሦስት ሆኑ፤ ሒሳቡም በዚያው ልክ ቀነሰ። ትእዛዝ በበዛ ቁጥር ገንዘብ የሚያገኝ ባለሙያ ደንበኛው ትእዛዙን እንዲቀንስ ሲመክር ማየት ለእኔ የአገልግሎቱ ትልቁ ብልጫ ነው።

ቁራጮቹን የቀረጹት ለቡሽ (ለዘንግ ማቀፊያ ቀለበት) ከሚጠቀሙበት የናስ ዘንግ በተረፈ ቁራጭ ነው። ውፍረቱን 12 ሚሊ ሜትር አደረጉት፤ ከቀጭኑ 10440 በቀር ከድንጋዮቹ ስለሚቀጥን የቂጡን መሃል ይነካል እንጂ ወደ ጠርዙ አይደርስም። ሞተሩ ተነሥቶ ቢላው ናሱን ሲነካ ወርቅማ ጥምዝ ስንጥር እየተፈተለ ይወርድ ነበር፤ እሳቸውም በየመካከሉ እያቆሙ ይለኩ ነበር። ሦስቱም ከአርባ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለቁ፤ የናሱን ጨምሮ 600 ብር ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ስለካቸው ከታዘዙት ርዝመት ልዩነታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ትክክለኛ ናቸው።

ቅሬታዬ ስለ አጨራረሱ ነው። ባለ 15 ሚሊ ሜትሩ ከዘንጉ ሲቆረጥ በአንድ ፊቱ መሃል ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ጉብታ ቀርታበት ነበር፤ በዚህ ምክንያት ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ ይወላገዳል፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉትም መብራቱ ይጠፋል። በሦስቱም ላይ ደግሞ ጠርዙ ስለት ነበረው፤ ባለ 30ው በመጀመሪያው ቀን የአንዱን ድንጋይ ሽፋን ከቂጡ በኩል ቀደደው። በዚያ በኩል ያለው ብረት ከማራዘሚያው ጋር አንድ ወገን ስለሆነ አደጋ አላደረሰም፤ ሆኖም ሽፋኑ የተቀደደ ድንጋይ ብረት በሆነ የባትሪ ገላ ውስጥ ሲገባ ሊያስከትል የሚችለውን አስቦ ገንዘብ የከፈለ ሰው ሊያማርር ይገባዋል። ጉብታውን ራሴ በሞረድ አስተካከልኩት፤ ስለቱን ለማስወገድ ግን ተመልሼ ሄድኩ። ባለሙያው ምንም ሳያቅማሙና ምንም ሳያስከፍሉ ቶርኖው ላይ መልሰው ጠርዙን አዶለዱመውልኛል።

የናሱን ጎን በናስትሮ ሁለት ዙር ጠቅልዬዋለሁ፤ ሁለቱን ፊቶች ብቻ ገላጣ ተውኩ። ባለ ሁለት ማስቀመጫ ቻርጀር የሚጠቀም ሰው ይህን ባይዘነጋ መልካም ነው፤ ማራዘሚያው ተንከባልሎ የጎረቤቱን ድንጋይ እንዳይነካ ይጠብቃል። ቀጭኑ 14500 በሰፊው ማስቀመጫ ውስጥ ዝቅ ብሎ ስለሚተኛ መሃሉ ከመገናኛው ብረት መሃል ጋር አይገጥምም። ለዚህ ከፒቪሲ ቱቦ ለሁለት ሰንጥቄ ያወጣሁትን ቁራጭ እንደ አልጋ ከሥሩ አንጥፌለታለሁ። ሥራው በሴጌቶና በብርጭቆ ወረቀት የሚያልቅ በመሆኑ ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሙከራው ልለፍ። የአንድ ማራዘሚያ ጥራት የሚለካው በእሱ ላይ በሚባክነው ቮልት ነው። ቻርጀሩ በ500 ሚሊ አምፔር እየሞላ ሳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሞላው፣ ሌላውን በድንጋዩ ቂጥ ላይ አድርጌ ስለካ ከአሮጌው ብሎንና ዳዶ ጋር 45 ሚሊ ቮልት፣ ከናሱ ጋር 6 ሚሊ ቮልት አገኘሁ። ይህ ልዩነት ናስ ከብረት የተሻለ አስተላላፊ ከመሆኑ ብቻ የመጣ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሦስት ሳንቲ ሜትር ብረት ራሱ የሚያባክነው ቮልት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቮልት የሚባክነው ሁለት ገጾች በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ዝገት፣ ወዝና ሸካራነት ያለው እዚያ ነውና። ለዚህ ማረጋገጫው ናሱን በወዛም እጄ ከነካሁት በኋላ ብክነቱ ወደ 15 ሚሊ ቮልት መውጣቱ፣ በደረቅ ጨርቅ ስወለውለውም መመለሱ ነው። ስለዚህ ናስ ያጣ ሰው ደህና አድርጎ የተቆረጠና ፊቱ የጸዳ ማንኛውም ብረት ይሠራለታል፤ የናስ ብልጫ ለረጅም ጊዜ ሳይዝግ መቆየቱና ለመቅረጽ መመቸቱ ነው።

የዚህ ብክነት ውጤት ምን እንደሆነም በትክክል መታወቅ አለበት። ቻርጀሩ የሚቆጣጠረው በራሱ ጫፎች ላይ ያለውን ቮልት ስለሆነ፣ በመገናኛው ላይ የሚባክን ቮልት ካለ ድንጋዩ የሚያገኘው ከሚገባው ያነሰ እንጂ የበለጠ አይሆንም። መጥፎ ማራዘሚያ ድንጋዩን ሳይሞላ ያስቀረዋል ወይም ጊዜውን ያራዝመዋል፤ ከልክ በላይ ግን አይሞላውም። ድንጋይን ከልክ በላይ የሚሞላው መጥፎ ቻርጀር ነው፤ እንዲህ ያለ ቻርጀር ገዝቼም አውቃለሁ። የተለመደው የሊትየም ድንጋይ ሙሉ የሚባለው 4.2 ቮልት ሲደርስ ሲሆን፣ የሚፈቀደው ልዩነት ከ0.05 ቮልት አይበልጥም። ያ ቻርጀር ግን ድንጋዩን 4.29 አድርሶት እንኳ ቀዩን መብራት አላጠፋም ነበር። እንደዚያ ባለ ቻርጀር ላይ ምንም ዓይነት ማራዘሚያ ማዋል አይገባም። አሁን የምጠቀምበት ቻርጀር 700 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዘውን 16340 በሁለት ሰዓት ገደማ ሞልቶ ራሱን ያጠፋል፤ ድንጋዩን አውጥቼ ካሳረፍኩት በኋላ ስለካው 4.18 ቮልት ይላል። ቻርጅ በማደርግበት ጊዜ ሁሉ ዕቃውን የማስቀምጠው በአሮጌ የምጣድ ገል ላይ ነው፤ ከአልጋና ከመጋረጃም አርቀዋለሁ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ርዝመት ነው። ማራዘሚያ የቻርጀሩን ፍሰት አይቀንስም፤ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህን ነው። የሊትየም ድንጋይ ሙሉ መጠኑን በአንድ ሰዓት ከሚያስገባ ፍሰት በላይ መሞላት የለበትም (ለምሳሌ 700 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዘው ከ700 ሚሊ አምፔር በላይ)፤ ግማሹ ቢሆን ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል። 500 ሚሊ አምፔር ለ16340 እና ለ14500 ይስማማል። 10440 ግን የሚይዘው 350 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ስለሆነ በ500 ሲሞላ ይግላል፤ እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬ በእጄ ስይዘው ሙቀቱን አልወደድኩትምና አቋረጥኩት። በመሆኑም ባለ 21 ሚሊ ሜትሩን ናስ ያሠራሁት ያለ ጥቅም ነው። ስሕተቱ የእኔ እንጂ የባለሙያው አይደለም፤ እሳቸው የተጠየቁትን ክፍተት ሞልተዋል።

ለዚህ ድንጋይ ያገኘሁት መፍትሔ ሌላ ነው። 10440 በመጠኑ ከሪሞት ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ከተሰበረ ሪሞት ላይ የድንጋዩን ማስቀመጫ ከነሞላው ቆርጬ አወጣሁ። ከዚያ ቲፒ 4056 የምትባለውን፣ በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር የምትሠራ ትንሽ የቻርጅ ሰሌዳ ገዛሁ። በሰሌዳዋ ላይ ያለችው ባለ 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ፍሰቱን 1,000 ሚሊ አምፔር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ይህም ለዚህ ድንጋይ ፈጽሞ አይሆንም። በ4 ኪሎ ኦም ስትተካ ፍሰቱ ወደ 300፣ በ5 ኪሎ ኦም ወደ 250፣ በ10 ኪሎ ኦም ደግሞ ወደ 130 ሚሊ አምፔር ይወርዳል። ሬዚስተሯ ከሰሊጥ ብዙም ስለማትበልጥ ፒያሳ ለሚገኝ አንድ ስልክ ጠጋኝ ሰጥቼ በ5 ኪሎ ኦም አስቀየርኳት፤ ሥራው ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ተጠናቀቀ። አሁን ድንጋዩ ለብ እንኳ ሳይል ይሞላል። አንድ ነገር ግን በአጽንዖት ላሳስብ፤ 10440 እና 14500 በመጠናቸው ከተራው ድንጋይ ጋር ቢመሳሰሉም ቮልታቸው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ በሪሞት፣ በሬዲዮ ወይም በግድግዳ ሰዓት ውስጥ ገብተው ዕቃውን ያቃጥላሉ። ልጆች ባሉበት ቤት ከሌሎቹ ተለይተው ይቀመጡ።

ማራዘሚያ መኖሩ በራሱ የሚጋብዘው ሌላ ስሕተት አለ። ከ16340 ጋር በመጠን የሚመሳሰል፣ በላዩ 3 ቮልት የሚል የተጻፈበት፣ ተመልሶ የማይሞላ የሊትየም ድንጋይ በየሱቁ አለ፤ እኔም ከአንድ ሱቅ «ቻርጅ ይደረጋል» ተብሎ ተሽጦልኝ ጽሑፉን አንብቤ መልሼዋለሁ። ይህ ዓይነቱ ቻርጀር ላይ ከተደረገ ሊፈነዳ ይችላል። 3.2 ቮልት የሚል የተጻፈበትም አለ፤ እሱ ተመልሶ የሚሞላ ቢሆንም ሙሉ የሚሆነው 3.65 ቮልት ገደማ ላይ ስለሆነ የ4.2 ቮልት ቻርጀር ያበላሸዋል። በእኛ ቻርጀር የሚሞላው ተመልሶ የሚሞላ ሆኖ 3.6 ወይም 3.7 ቮልት የሚለው ብቻ ነው። በየቤቱ የሚገኙት፣ ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰኩት ትልልቅ ባትሪዎችም ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ባለ 4 ቮልት የእርሳስ ድንጋይ አላቸውና ከዚህ ጽሑፍ ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ከማስቀመጫው ለሚሰፉት ለ26650 እና ለ32650 ናስ ምንም አይረዳም። ለእነዚህ ከመጥረጊያ እንጨት 65 ሚሊ ሜትር ቆርጦ፣ በሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ የማይገናኙ አጫጭር የናስ ብሎኖች አስገብቶ፣ ከእነሱ በቀይና በጥቁር ሽቦ ወደ ውጭ ማቀፊያ መውሰድ ይቻላል። አንድ ሠርቻለሁ፤ ይሠራል፤ ሆኖም 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ድንጋይ በ500 ሚሊ አምፔር ለመሙላት ከአሥር ሰዓት በላይ ስለሚወስድና በየመካከሉ መብራት ስለሚቋረጥ ብዙም አልተጠቀምኩበትም።

ከውጭ ዕቃ የሚመጣለት ሰው ማስቀመጫው እየተሳበ የሚረዝምና የሚያጥር ቻርጀር ማስመጣት ይችላል። ለምሳሌ ሊቶካላ ሊ 500 የተባለው አራት ማስቀመጫ ያለውና ከ10440 እስከ 26650 የሚቀበል ሲሆን፣ ፍሰቱንም 300፣ 500፣ 700 ወይም 1,000 ሚሊ አምፔር ላይ ማድረግ ያስችላል። ያ በእጁ ያለ ሰው የናስ ማራዘሚያ አያስፈልገውም። ቤቱ ውስጥ ደህና ባለ 18650 ቻርጀር ላለውና አንድ ወይም ሁለት አጭር ድንጋይ ብቻ መሙላት ለሚፈልግ ሰው ግን የቶርኖ ቤቱ ሥራ ዋጋውን የሚያወጣ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቻርጀሩንና ድንጋዮቹን ይዞ ይሂድ፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ የርዝመት ልዩነት ያላቸው ድንጋዮች አሉና፤ በተለይ መከላከያ ሰሌዳ የተጨመረባቸው ከተጻፈው ጥቂት ይረዝማሉ።

ባለፈው ቅዳሜ በግንባሩ ባትሪ አስሮ ሐይቅ ለሚወጣው ጎረቤቴ ሁለተኛ ስብስብ አስቀርጬለታለሁ። ባለ 21 ሚሊ ሜትሩን ትቼ ባለ 15ቱን ሁለት አድርጌያለሁ፤ እንዲሁም ጠርዙ ቶርኖው ላይ እንዳለ እንዲዶለዱም፣ መሃሉም ላይ ጉብታ እንዳይቀር አስቀድሜ ተናገርኩ። ባለሙያው እንደተባሉት አድርገው ስለሰጡኝ ሞረድ ሳይነካቸው በዚያው ምሽት ቻርጀር ውስጥ ገብተዋል።